«ለምን ጀመራችሁ?» ብለሽ አትጠይቂያቸው

ሰላም እህቴ። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ «የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የራሳቸውን ሥራ እንዲጀምሩ የሚያነሳሳቸው ምንድን ነው?» የሚል ርዕስ ይዘሽ፣ መጠይቁ ላይ ምን ምን ላካትት ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ትርጓሜውንና መግቢያውን ታውቂዋለሽ፣ እሱን ልዝለለው። ሰው ዲፌንስ ላይ፣ ጽሑፉን በገምጋሚዎች ፊት ሲያቀርብ፣ የሚወድቅበትን ልንገርሽ።

1. ምኞትንና ተግባርን አትቀላቅዪ። «ወደፊት የራሴ ድርጅት እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ» ብለሽ ከ1 እስከ 5 ምረጡ ብትያቸው አብዛኛው 4 ወይም 5 ላይ ያከብባል። ማን ይጠላል? ርዕስሽ ግን «እንዲጀምሩ» ነው የሚለው። ገምጋሚው ቀድሞ «ከእነዚህ ውስጥ የጀመረው ስንቱ ነው?» ይልሻል፤ እዚያ ላይ ዝም ካልሽ አለቀ።

ስለዚህ የተደረገውን ጠይቂ። ባለፉት 12 ወራት ዘመድ ላልሆነ ሰው ዕቃ ወይም አገልግሎት ሸጠሃል? ዋጋ ተምነህ ለደንበኛ ነግረሃል? ከራስህ ኪስ ገንዘብ አውጥተሃል? የመጀመሪያው ሽያጭ በየትኛው ወር ነበር? አሁንስ ቀጥለህበታል? እነዚህን ከፍላጎት መለኪያው ጋር ስታጣምሪ ተማሪው በአምስት ይከፈልልሻል፦ አስቦት የማያውቅ፣ የሚመኝ፣ መንገድ የጀመረ፣ እየሸጠ ያለ፣ ሞክሮ የተወ። የመጨረሻውን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የቀጠሉትን ብቻ ሰብስበሽ «ያነሳሳቸው ጽናት ነው» ብትዪ፣ የተዉትም ሲጀምሩ ያንኑ ጽናት እንዳልነበራቸው በምን ታውቂያለሽ?

2. ናሙና። ትልቁ ኪሳራ ያለው እዚህ ነው። ሁሉም ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት የሚያሰላውን የያማኔን ቀመር ገልብጦ ያስገባል፤ 4000 ተማሪ ካለ በ5 ከመቶ ስህተት 364 ይመጣል፣ አማካሪውም ይፈርማል። ግን በእርግጥ የጀመሩት ከ100 ተማሪ 5 ናቸው እንበል። ከ364ቱ የምታገኚው 18 ገደማ ነው። 18 ሰው በጾታ፣ በትምህርት ክፍል፣ በቤተሰብ የንግድ ልምድ ከፋፍለሽ ምን ልታወዳድሪ ነው? ወረቀቱ ከተሰበሰበ በኋላ ደግሞ መድኃኒት የለውም፤ ሴሚስተሩ አልቆ ተማሪው ወደየቤቱ ሄዷል።

የጀመሩትን ለብቻ ፈልጊያቸው። አንዱ ሌላውን እየጠቆመሽ 60 ያህል ድረሺ፤ ከዚያ በትምህርት ክፍልና በዓመት እነሱን የሚመስሉ ግን ያልጀመሩ 60 ያዢ። እንዲህ ስታደርጊ «ከመቶ ይህን ያህሉ ሥራ ጀምሯል» ብለሽ መጻፍ እንደማትችዪ ዕወቂ። ማወዳደር ግን ትችያለሽ፣ ርዕስሽም የሚፈልገው እሱን ነው።

ደግሞ በሥራ ፈጠራ ኮርስ ክፍል ውስጥ፣ መምህሩ ከፊት ቆሞ እያየ እንዳትበትኚ። ይህን የሚመክሩሽ ሰዎች ለድካማቸው እንጂ ለጥናትሽ አልተጨነቁም። ተማሪው መምህሩን ደስ የሚያሰኘውን ነው የሚሞላው። ኮርስ ሁሉ ያነሳሳል ብለው ለሚምሉትማ እነ ኦስተርቤክ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙትን የኔዘርላንድ ጥናት አሳዪልኝ፦ ተማሪዎች ትንሽ ድርጅት እያቋቋሙ በሚማሩበት ፕሮግራም ያለፉት ሥራ የመጀመር ፍላጎታቸው ቀንሶ ነው የተገኘው። ሥራውን ቀርበው ሲያዩት ስለ ራሳቸው የነበራቸው ግምት ተስተካክሎ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ የኮርሱ ውድቀት አይመስለኝም።

3. ንድፈ ሐሳብ አታብዢ። የአይዘን (1991) «የታቀደ ባህሪ» ንድፈ ሐሳብ ይበቃል፤ የሰውን ሐሳብ በሦስት ነገር ያስረዳል፦ ለሥራው ያላቸው አመለካከት፣ የቅርብ ሰዎቻቸው ምን ይላሉ፣ «እችለዋለሁ» የሚል እምነታቸው። ሊኛንና ቼን በ2009 ለዚሁ የሚሆን ባለ 7 ነጥብ መጠይቅ አውጥተዋል፤ ተፈትኖ ያለቀ ነገር እያለ ከባዶ አትጻፊ። እሱ ግን የሚለካው ሐሳብን ነው። መጀመርን ለመያዝ የሻፔሮንና የሶኮልን (1982) ጨምሪበት፦ ሰው ከለመደው መንገድ የሚያስወጣው አንድ ክስተት አለ፣ ክፉም ደግም ሊሆን ይችላል። ለተማሪ ከቤት የሚላከው ገንዘብ መቋረጡ ሊሆን ይችላል። መመረቂያው መቃረቡም ይሆናል። ወይም አንድ ሰው ብሩን ይዞ መጥቶ «ይህቺን ሥራልኝ» ማለቱ።

እንግዲህ የጀመሩትን ቃለ መጠይቅ ስታደርጊ «ለምን?» አትበዪ። «ለምን» ስትዪ የሚመጣልሽ ንግግር ነው፦ ራዕይ፣ ነፃነት፣ አገር መለወጥ። «ከመጀመሪያው ሽያጭ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት ምን ተፈጠረ? ማን ምን አለህ? ገንዘቡ ከየት መጣ?» በያቸው። ያኔ ጓደኛው ኮምፒውተሩን አስጠግኖት፣ ሌላው ሰምቶ፣ ሦስተኛው «ስንት ነው?» ሲለው ዋጋ ለመናገር የተገደደ ልጅ ታገኛለሽ። ውሳኔው ከደንበኛው በኋላ ነው የመጣው፤ ይህ በምርጫ ሳጥን አይገኝም።

ምክንያቶችን በገፊ (እንደ ገንዘብ ማጣት) እና በሳቢ (እንደ ነፃነት ፍላጎት) የግድ መክፈል ካለብሽ አንዱን ምረጡ አትበያቸው፤ ሁለቱም በአንድ ልጅ ላይ አሉ። 10 ነጥብ ስጪያቸውና እንደየክብደቱ ለምክንያቶቹ ያከፋፍሉት። ድምሩ 10 የማይሞላ ወረቀት ስለሚበዛ ከሥር «ድምር = 10» የሚል ባዶ ቦታ አስቀምጪ። የምክንያቶቹ ዝርዝር ከተግባር ጥያቄዎቹ በኋላ ይምጣ፤ ቀድሞ ከመጣ መልሱን ያስተምራቸዋል።

«ነፃነትና ጥሩ ገቢ ስለሚያስገኝልኝ» የሚሉ ሁለት ነገር ያዘሉ ዓረፍተ ነገሮችን ሰንጥቂያቸው። በአሉታ ለተጻፉት የተሰጠውን ቁጥር፣ ባለ 7 ነጥብ ከሆኑ፣ ከ8 እየቀነስሽ አስገቢ፤ ይህ ሲረሳ ነው የጥያቄዎቹን እርስ በርስ መጣጣም የሚለካው የክሮንባኽ አልፋ ከ0.70 በታች ወርዶ ሰው መጠይቁን የሚራገመው። «እችለዋለሁ» ባዮቹ የጀመሩት ሆነው ቢገኙ ደግሞ እምነቱ አስጀመራቸው ብለሽ አትደምድሚ፤ መሸጣቸው ራሱ እምነቱን ሰጥቷቸው ይሆናል። «ተዛምዶ አለው» በዪና እለፊ።

ከመበተንሽ በፊት ከናሙናሽ ውጭ ለሆኑ 15 ተማሪዎች ሰጥተሽ አስሞዪ፣ አጠገባቸው ሆነሽም ሰዓት ያዢ። ከ12 ደቂቃ ካለፈ መጀመሪያ የምትቆርጪው የግል መረጃውን ክፍል ይሁን። የምትመረምሪው ካልሆነ ሃይማኖታቸውና የጋብቻ ሁኔታቸው ምን ይሠራልሻል?