የዓሣ የጆሮ ድንጋይ አጥንቼ እንጀራ እበላለሁ?

ከሀዋሳ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽ ረዘም ስለሚል ለሌሎች አንባቢዎች አሳጥሬ ላስቀምጠው። በባዮሎጂ ተመርቀሻል። የመመረቂያ ጽሑፍሽን የሠራሽው በሀዋሳ ሐይቅ ዓሦች የጆሮ ድንጋይ፣ ማለትም በኦቶሊት ላይ ነው። የቆሮሶን፣ የአምባዛንና የቢልጫን ድንጋይ አውጥተሽ ቅርጻቸውን ለካሽ። ሦስቱ በጣም ተለያዩ። አንቺም «ልዩነቱ የመጣው ከሚኖሩበት የሐይቁ ክፍል ነው» ብለሽ ደመደምሽ። ፈታኝሽ ግን «የመኖሪያ ጉዳይ መሆኑን በምን አወቅሽ? የዘር ጉዳይ ቢሆንስ?» ብለው ጠየቁሽ። መልስ አጣሽ። ማለፉን አልፈሻል፣ ቅስምሽ ግን ተሰብሯል። አሁን አንድ ባንክ በደንበኞች አገልግሎት ሊቀጥርሽ ነው። አባትሽ «የድንጋዩን ነገር ተይና ሥራሽን ያዢ» ይሉሻል። አንቺ ደግሞ ማስተርስ መማር ትፈልጊያለሽ። «በዓሣ ጆሮ ድንጋይ እንጀራ የሚበላ ሰው አለ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል።

አለ። እንዴት እንደሚበላ ከመንገሬ በፊት ግን ስለ ፈታኝሽ ጥያቄ ላውራ። የሥራ መንገድሽ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

በጥያቄው አትዘኚ። ትልልቆቹ ተመራማሪዎችም እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ነው። የአንድ እናት ልጆች አንዱ ሀዋሳ፣ አንዱ ጎንደር ቢያድጉም አፍንጫቸው ይመሳሰላል። ዓሦችም እንደዚያው ናቸው። ሁለት ዝርያዎች ተመሳሳይ ድንጋይ ቢኖራቸው፣ ተመሳሳይ ቦታ ስለሚኖሩ ሊሆን ይችላል። ከአንድ ቅድመ አያት ስለወረሱትም ሊሆን ይችላል። ጆሴፍ ፌልሰንስታይን የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ይሄንኑ ችግር ፊት ለፊት አስቀምጦታል፦ የሚዛመዱ ዝርያዎችን እርስ በርስ እንደማይተዋወቁ አድርገሽ መቁጠር አትችይም። መጀመሪያ የዝምድናቸውን ድርሻ በስሌት መለየት አለብሽ። ዛሬ ለዚህ የሚሆኑ ዘዴዎች በነፃ ሶፍትዌር ይገኛሉ። የቅድመ ምረቃ ተማሪ ይሄን አለማወቁ አያስወቅሰውም። ማስተርስ የሚገባ ሰው ግን ማወቅ አለበት።

ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ከእያንዳንዱ ዓሣ ትልቁን ድንጋይ ወሰድኩ» ይላል። እዚህ ጋ ቆም በይ። አጥንታም ዓሣ በእያንዳንዱ ጆሮው ሦስት ድንጋይ አለው፦ ሳጂታ፣ ላፒለስና አስቴሪስከስ። በቆሮሶ ትልቁ ሳጂታ ነው፤ ጭንቅላቱን ስትከፍቺ ቶሎ የሚታይሽ እሱ ነው። በአምባዛ ትልቁ ላፒለስ ነው። የአምባዛ ሳጂታ ቀጭን ስለሆነ በፎርሴፕስ ስትነኪው ይሰበራል። ቢልጫም ሳጂታው ቀጭን ነው፤ ብዙ ጊዜ ለጥናት የሚወሰደው አስቴሪስከሱ ነው። ስለዚህ «ትልቁን» ብለሽ ስትወስጂ ሦስት የተለያዩ ድንጋዮችን ነው ጎን ለጎን ያስቀመጥሽው። ልዩነት ባይገኝ ነበር የሚገርመው።

ይሄ ራሱ የዘር ሐረግ ሥራ ነው። አምባዛና ቢልጫ ለዓይን ባይመሳሰሉም የአንድ ትልቅ ጎራ ልጆች ናቸው። ሁለቱም ድምፅን ከአየር ከረጢታቸው ወደ ጆሯቸው የሚያደርሱ ትናንሽ አጥንቶች አሏቸው። ቆሮሶ ይሄ የለውም። የድንጋዮቻቸው አቀማመጥ የተለያየው የሀዋሳ ሐይቅ ከመፈጠሩ እጅግ ቀደም ብሎ ነው። ሐይቁ ውስጥ ማን ከዳር፣ ማን ከሥር ይኖራል የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ታዲያ መኖሪያ ምንም አይሠራም ማለት አይደለም። በደንብ ይሠራል። ቱናን የመሰሉ በፍጥነት የሚዋኙ የባህር ዓሦች ለገላቸው ግዙፍነት ሲታይ በጣም ትንሽ ድንጋይ ነው ያላቸው። ከባህር ወለል ጠጋ ብለው የሚኖሩና በድምፅ የሚጠራሩ ዓሦች ደግሞ ትልቅና ወፍራም ድንጋይ አላቸው። ጥልቀት፣ ሙቀት፣ ምግብና የዕድገት ፍጥነት ሁሉ አሻራቸውን ይተዋሉ። ብዙ ጊዜ የዘር ሐረግ ጎልቶ የሚታየው በድንጋዩ ውስጠኛ ፊት ላይ ባለው ቦይና በጠቅላላው አሠራሩ ነው። የጠርዙ መስመርና መጠኑ ግን በአካባቢ ይበልጥ ይለወጣሉ። ይሄ ግን በሁሉም ዓሣ ላይ የሚሠራ ሕግ አይደለም። ለዚህ ነው ጥናት የሚያስፈልገው።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ማስተርስ ስታመለክቺ «ሦስት ዝርያ አወዳድራለሁ» አትበይ። ዘሩን አንድ አድርጊና መኖሪያውን ቀይሪ። ለምሳሌ ቆሮሶ ሀዋሳ አለ፣ ባቱ (ዝዋይ) ሐይቅም አለ። ሀዋሳ ጠለቅ ይላል። ባቱ ሰፊ፣ ጥልቀቱ አነስተኛና ደፍራሽ ነው። ያው አንድ ዝርያ በሁለት የተለያዩ ውሃዎች ማለት ነው። የዓሦቹን መጠን አመጣጥነሽ፣ ያው አንዱን ድንጋይ፣ ከያው አንዱ ጎን ወስደሽ ብታወዳድሪ ፈታኝሽ የሚጠይቁት ያጣሉ ባይባልም፣ የምትመልሺው አለሽ። ሁለቱ ሐይቆች ውስጥ ያሉት ቆሮሶዎች በዘር ምን ያህል ተራርቀዋል የሚለውን ደግሞ በዲኤንኤ ከሚሠራ ሰው ጋር ሆነሽ ታዪዋለሽ።

ከዚህ የሚበልጥ ነገር ከፈለግሽ ወደ ጣና ተመልከቺ። ጣና ውስጥ የቢልጫ ዘመዶች የሆኑ፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ገደማ ዝርያዎች አሉ። አንዳንዱ ዳር ዳሩን ይኖራል፣ አንዳንዱ ከመሃል ውሃው ላይ። አንዳንዱ ሌላ ዓሣ አሳድዶ ይበላል፣ አንዳንዱ ከሥር ጭቃውን ይፈትሻል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው የዓባይ ክፍል ለይቷቸዋል። የቅርብ ዘመዳሞች፣ አንድ ሐይቅ፣ የተለያየ ኑሮ። የፈታኝሽን ጥያቄ ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ቦታ በዓለም ላይ ብዙ የለም። እዚሁ አገራችን ሆኖ እኛ ባንሠራበት በጣም ያሳዝነኛል።

እንጀራው የት አለ? እውነቱን ልንገርሽ፦ ቅርጽ ብቻውን ደሞዝ አይሆንም። ደሞዝ የሚያስገኘው ያው ድንጋይ የሚይዘው ሌላ መረጃ ነው፤ ዕድሜ። ድንጋዩ እንደ ዓሣው ዕድገት ቀለበት ይጨምራል። ቀለበቱን ቆጥሮ ዓሣው በስንት ዓመቱ እንደተያዘ የሚናገር ሰው፣ ሐይቁ ከልክ በላይ እየተሰገረ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለመመለስ የግድ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሀዋሳ የራሷ ታሪክ አላት። ደመቀ አድማሱ ከጆን ካስልማን ጋር ሆነው በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት የሀዋሳ ቆሮሶ በዓመት ሁለት ቀለበት እንደሚሠራ ያሳያል። ብርድ አገር ከተጻፈ መጽሐፍ «አንድ ቀለበት አንድ ዓመት» የሚለውን ይዞ የሚመጣ ሰው የዓሣውን ዕድሜ እጥፍ አድርጎ ይጽፋል። ዓሣው በቀስታ የሚያድግ ይመስለዋል። በዚያ ላይ የሚወጣ የአሰጋገር መመሪያ የተሳሳተ ይሆናል። ለአባትሽ ይሄንን ንገሪያቸው። ዓሣው ስንት ዓመቱ ነው ብሎ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት አለ፣ ልጅዎ መመለስ ትችላለች በያቸው።

መሥሪያ ቤቶቹ እነማን ናቸው? ሰበታ ያለው ብሔራዊ የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አንዱ ነው። ባቱም የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ። የክልል ግብርና ቢሮዎች የዓሣ ሀብት ባለሙያ ይቀጥራሉ። ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ፤ አዲስ አበባና ባሕር ዳር በዓሣና በውሃ ሳይንስ ያስተምራሉ፣ የራስሽ ከተማም አለች። ማስታወቂያ በየቀኑ አይወጣም፣ ሲወጣም ብዙ ጊዜ ማስተርስ ይጠይቃል። ስለዚህ ማስተርስ መፈለግሽ ትክክል ነው። ውጭ አገርም ሞክሪ። የቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ ከኬንያው ኤገርተንና ከኔዘርላንድሱ አይኤችኢ ዴልፍት ጋር ሲሰጥ የቆየው የሐይቅና ረግረግ ሳይንስ ማስተርስ ላንቺ ዓይነት ሰው የተዘጋጀ ነው።

እና ባንኩስ? ተቀበይው። በዚህ ከአባትሽ ጋር ነኝ። ማስተርስ እስክታገኚ ወራትም ዓመትም ሊፈጅ ይችላል፣ ቤት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ሰውን ይገድላል። ከእሳቸው የምለየው «ተይው» በሚለው ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ውረጂ። ሥጋው ተገፎ ሲሸጥ ጭንቅላቱ ይቀራል። ግማሹ ለሾርባ ይሄዳል፣ የተረፈውን አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ይሻሙበታል። ከሻጮቹ ጋር ተግባቢና ጭንቅላቱን ለምኚ ወይም በትንሽ ብር ግዢ። የዓሣውን ርዝመት ግን ሳይገፈፍ በፊት ለኪ። ያለ ርዝመት ድንጋዩ ብዙ አይነግርሽም።

ድንጋዩን ስታወጪ በውሃ እጠቢ፣ አድርቂ፣ የግራውንና የቀኙን ለይተሽ በትንሽ ወረቀት ፖስታ አስቀምጪ። በላዩ ላይ ቀን፣ ቦታ፣ ዝርያና ርዝመት ጻፊ። ፎርማሊን ውስጥ በፍጹም አትጨምሪ። ድንጋዩ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ የፎርማሊን አሲድነት ይበላዋል። ጥሩ ማይክሮስኮፕ ሲገኝ ጥቁር ነገር ላይ አድርገሽ ፎቶ አንሺ፣ ቦይ ያለው ፊቱ ወደ ላይ ይሁን። የቀድሞ አማካሪሽን ላብ ለግማሽ ቀን ብትጠይቂ እምቢ የሚሉሽ አይመስለኝም። ከዚያ ወዲያ ላፕቶፕ ይበቃሻል። ፎቶ ላይ የሚለካው ኢሜጅጄ የተባለ ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ ለስታቲስቲክስ ስሌት የሚሆነው አር የተባለውም ነፃ ነው፣ በአር ውስጥ ለኦቶሊት ቅርጽ ብቻ የተሠራ ሼፕአር የሚባል ፓኬጅ አለ። ባርሴሎና ያለው የባህር ሳይንስ ተቋም አፎሮ የሚባል የኦቶሊት ፎቶ ማኅደር ለሁሉም ክፍት አድርጓል። በአብዛኛው የባህር ዓሣ ቢሆንም ዓይንሽን ታሠለጥኚበታለሽ።

ሲቪሽ ላይ ደግሞ «ኦቶሊት አጥንቻለሁ» ብለሽ አታቁሚ። «የቅርጽ ትንተና፣ የዕድሜ ንባብ፣ በአር የዳታ ትንተና» ብለሽ ዘርዝሪ። እነዚህ ዓሣ በሌለበት መሥሪያ ቤትም ይፈለጋሉ። ለማስተርስ አማካሪ ስትጽፊ የፈታኝሽን ጥያቄ አትደብቂ። «ሥራዬ ላይ ዘርንና መኖሪያን አልለየሁም ነበር፤ አሁን በዚህ መንገድ ልለየው አስባለሁ» ብለሽ በአጭሩ ጻፊ። ማመልከቻ የሚያነብ ሰው እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሲያይ ቆም ብሎ ያነባል።

ባንኩ ጋ ከመፈረምሽ በፊት ውሉን አንብቢ። ለሥልጠና ብለው ይሄን ያህል ዓመት ካልሠራሽ ትከፍያለሽ የሚል ግዴታ ካለበት፣ ወይም ዋስ የሚያስጠሩሽ ከሆነ፣ ስንት ዓመት እንደሆነና ለትምህርት ብትለቂ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ጠይቂ። መልሱን ስታገኚ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።