«ማን ሞተብህ?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ23 ዓመት ወጣት ነኝ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ሲገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ጢሜን ማሳደግ ጀመርኩ። እስከ ትንሣኤ ምላጭ እንዳላስነካውም ቃል ገባሁ። እናቴ ሰሞኑን ከክፍለ ሀገር መጥታ በር ስከፍትላት ክው ብላ «ማን ሞተብህ?» አለችኝ። እስካሁንም ደስ አላላትም። ጓደኞቼ «አባ» እያሉ ይጠሩኛል። መንገድ ላይ የማላውቃቸው ሰዎችም ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉኛል፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የሥራ ቃለ መጠይቅ አለኝ፤ ሁሉም ተላጭተህ ሂድ ይለኛል። ብላጭ በዘሌዋውያን 19፥27 ጢምን ማጥፋት የሚከለክለውን ትእዛዝ ማፍረሴ ነው? ጉንጬ ላይስ አልሞላ ያለኝ የጸጋ ማነስ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምርልህ። የጉንጭህ ነገር የአባትህና የአያትህ ጉዳይ ነው። ጸጋን እዚያ ውስጥ አታስገባው። በ23 ዓመት ያልሞላ በ30 ሊሞላ ይችላል፤ ላይሞላም ይችላል። አገጫቸው ላይ አሥር ፀጉር የማይቆጠርላቸው ሊቅ እግር ሥር ቁጭ ብዬ ተምሬአለሁ። ሪዛሞቹ ሁሉ እሳቸውን ነበር የሚጠይቁት።

ወደ ጥቅስህ ልምጣ። የጥቅሱ የመጀመሪያ ግማሽ ስለ ጢም እንዳልሆነ ልብ ብለሃል? ስለ ራስ ፀጉር ዙሪያ ነው። ጎንና ጎኑን በማሽን ሙልጭ አስደርጎ ስለ ጢሙ ዘሌዋውያንን የሚጠቅስልኝ ወጣት ስንቱ ነው! ቀጥሎ ያለውን ቁጥር 28ንም አንብበው። ስለ ሞተ ሰው ብላችሁ ሥጋችሁን አትቁረጡ ይላል። ነገሩ የሚፈታው እዚህ ጋ ነው። በእስራኤል ዙሪያ የነበሩ አሕዛብ ሲያዝኑ ይላጩ ነበር። ኢሳይያስ ስለ ሞአብ ልቅሶ ሲናገር ጢም ሁሉ ተላጭቷል ይላል (15፥2)። እግዚአብሔርም ሕዝቡን እንደ እነርሱ አታልቅሱ አላቸው። ልማድ ግን ቶሎ አይለቅም። ኢየሩሳሌም ከፈረሰች በኋላ 80 ሰዎች ጢማቸውን ተላጭተው፣ ልብሳቸውን ቀድደው፣ ገላቸውን ቧጭረው መባ ይዘው መጡ (ኤር. 41፥5)። በሐዘን ላይ ነበሩ።

አሁን ወደ እኛ አገር ና። እኛ ዘንድ ሰው የሞተበት ወንድ ምን ያደርጋል? ምላጩን ያስቀምጣል። ጢሙን ይለቀዋል። እነዚያ ሐዘናቸውን በመላጨት ሲናገሩ እኛ ባለመላጨት እንናገራለን። እናትህ በር ላይ ክው ያሉት ለዚህ ነው። እምነት ጎድሏቸው አይደለም። አንተ ባለፉት ሳምንታት ፊትህ ላይ የጻፍከውን በቋንቋቸው አነበቡት። ማንም የገጠር እናት እንደዚያው ያነበዋል። ስለዚህ «እናቴ መንፈሳዊ ነገር አይገባትም» የሚል ሐሳብ ሽው ብሎብህ ከሆነ መልሰው።

ገዳም ሄደህ ብትጠይቅም ከእናትህ ጥያቄ ብዙ አትርቅም። ሰው ሲመነኩስ ጸሎተ ፍትሐት ይደረግለታል። ቆሞ፣ እየሰማ። ለሞተ ሰው የሚደረገው ጸሎት ነው ለእሱ የሚደረገው። እኔ የመነኩሴን ጢም ሳይ ሁልጊዜ ይህ ትዝ ይለኛል። ሐዘንተኛ ነው፤ ሟቹም እሱው ራሱ ነው። እናትህ አንዱን መነኩሴ «ማን ሞተብህ?» ቢሉት «እኔ» ብሎ ይመልሳል። አንተ ግን በር ላይ ምን ብለህ እንደመለስክላቸው አልጻፍክልኝም።

አንድ ነገር አልሸሽግህም። ዲድስቅልያ የሚባለው የቤተ ክርስቲያን የሥርዓት መጽሐፍ ወንዶች ጢማቸውን እንዳያጠፉ ይናገራል። ይህን ጠቅሰው የሚከራከሩህ ይኖራሉ። ግን የተነገረበትን ቦታ እይ። ወንድ ሴትን ለማማለል ብሎ እንዳይዋብ፣ እንዳይሽሞነሞን በሚመክርበት ቦታ ነው። ታዲያ ዛሬ በቅባት እያሹ፣ በማበጠሪያ እየደረደሩ፣ በየመስተዋቱ ፊት የሚያቆሙት ጢም ለዚያ ተግሣጽ ከተላጨ ጉንጭ ይልቅ አይቀርብም?

እንዲህ ያለ ጥያቄ በየዓመቱ ጾም ሲገባ ይመጣልኛል። ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ ምላጭ ነው። ስለ «አባ» የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም። አንተም አልጠየቅከኝም። «ደስ ይለኛል» ብለህ በመሐል ሹልክ ብለህ አለፍክ። እኔን የያዘኝ ግን እሱ ነው።

የአብነት ተማሪ ሳለሁ፣ በአንተ ዕድሜ፣ እኔም መጀመሪያ ጢም ያሳደግኩ ሰሞን የሆነውን ልንገርህ። አውቶቡስ ስጠብቅ አንዲት አሮጊት መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው መሬት ሊነኩ ጎነበሱ። «አባ፣ ይፍቱኝ» አሉኝ። «ካህን አይደለሁም፣ እማማ» ማለት ሦስት ቃል ነው። አልወጣልኝም። ሰው እያየን ነበር፤ ደግሞም ደስ ብሎኛል። «እግዚአብሔር ይፍታ» አልኳቸው። እያመሰገኑ ሄዱ። ምኔን ይዤ ነው የፈታሁት? ክህነት የለኝ፣ መስቀል የለኝ። ያለኝ ጢም ብቻ ነበር።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋ ሙልጭ አድርጌ ተላጨሁና ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ራሴን የቀጣሁ መስሎኛል። አዩኝና ሳቁ። «ጢምህ ምን አደረገ? ያጠፋው ምላስህ!» አሉኝ። ከዚያ ቀኖና ሰጡኝ። ስግደቱ አልከበደኝም። የከበደኝ ጢሜን መልሼ እንዳሳድግና «አባ» ላለኝ ሰው ሁሉ እዚያው «ተማሪ ነኝ» እንድል ማዘዛቸው ነው። ሰው ፊት፣ ታክሲ ውስጥ፣ ደጀ ሰላም ላይ። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ የሰጠኝን ቦታ መልሶ ይቀመጥበታል። በዚያ ዓመት ከመጽሐፍ ያላገኘሁትን ተማርኩ።

ስለዚህ ላንተም የምለው ተላጭ ወይም አትላጭ አይደለም። ዛሬውኑ ጓደኞችህን «አባ አትበሉኝ» በላቸው። በቀልድም ቢሆን። ይህን ማለት ካቃተህ ያኔ ጢሙ እያሳደገው ያለውን ነገር ታውቀዋለህ። እስከ ትንሣኤ ይዘኸው ልትቆይ ከሆነ ደግሞ ሰሙነ ሕማማት አይቀርልህም። ኢሳይያስ ስለ ጌታችን ሕማም ሲናገር ጀርባውን ለገራፊዎች፣ ጉንጩን ጢም ለሚነጩ እንደሰጠ፣ ፊቱንም ከምራቅ እንዳልመለሰ ይነግረናል (50፥6)። ጢሙን ይዘው ነጩት። ማንም አልጎነበሰለትም፤ የተንበረከኩት ወታደሮችም ሲዘብቱበት ነው። በዚያ ሳምንት ጉንጭህን ስትዳብስ ይህ ትዝ ካለህ ጢምህ ጠቀመህ።

ለቃለ መጠይቁ ዮሴፍ ይበቃሃል። ከግዞት ቤት ሲጠራ ተላጨ፣ ልብሱንም ለወጠ፣ ከዚያ ወደ ፈርዖን ገባ (ዘፍ. 41፥14)። ግብፃውያን ተላጭተው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ፤ እንደ አገሩ ሆኖ ቀረበ። በጲጥፋራ ቤት የጸናው ያው ዮሴፍ ነው። በመላጨቱ ሃይማኖቱን ለቀቀ ያለ መምህር እስከዛሬ አልሰማሁም።

የቀረው ቃልህ ነው። ለራስህ ብቻ ያልከው ከሆነ ልምድ ነው፤ ልታሻሽለው ትችላለህ። በእግዚአብሔር ፊት ቆመህ የተሳልከው ከሆነ ግን ምላጩን ከማንሳትህ በፊት ንስሐ አባትህ ዘንድ ሂድ። ተስሎ ከመቅረት አለመሳል ይሻላል ይላል መክብብ (5፥5)፤ ስለቱን ራስህ አትፍታው፣ እኔም አልፈታልህም። እሳቸው በሌላ ይለውጡልህ ይሆናል። ወይም ንጹሕ አድርገህ አስተካክለው ግባ ይሉህ ይሆናል። ያሉህን አድርግ።

እናትህ ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት ግን አጠገባቸው ቁጭ በልና ማንም እንዳልሞተ ንገራቸው።