ሱፐርኢንተንደንቱ ቢቀየርም የልጅዎ ወረቀት አይቀየርም

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ከሜሪላንድ ናቸው። ግማሾቹ የትምህርት ቤቶቹ የበላይ ኃላፊ (ሱፐርኢንተንደንቱ) ሲቀየር ልጆቻችን ምን ይሆናሉ ይላሉ። ቀሪዎቹ የዓመቱን መጨረሻ ሽልማትና ምስጋና ይመለከታሉ። ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈናል። ጁላይ 1ን «ሐምሌ 1» ብሎ ግድግዳ ላይ የለጠፈ ወላጅ ሰባት ቀን ይዘገያል።

ጥያቄ፦ የ3ኛ ክፍል ልጄ አይኢፒ (የልዩ ትምህርት የግል ዕቅድ) አለው። አዲስ ሱፐርኢንተንደንት ሊመጣ ነው ሲባል ሰማሁ። አይኢፒው እንደገና «ሀ» ተብሎ ይጀመራል? አስተርጓሚውስ ይቀርብኝ ይሆን?

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለቱም አይቀሩም። አይኢፒ ሕጋዊ ሰነድ ነው። የሚለወጠው እርስዎ ተጠርተው የአይኢፒ ቡድኑ ተሰብስቦ ሲወስን፣ ወይም እርስዎና ትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ሲስማሙ ብቻ ነው። አዲስ ኃላፊ መጣ ተብሎ አንድ ሰዓት የንግግር ሕክምና እንኳ ሊቀነስ አይችልም። በአይኢፒ ስብሰባ ላይ የሚባለውን ወላጅ እንዲረዳ አስተርጓሚ ማቅረብም የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ የፌዴራሉ የልዩ ትምህርት ሕግ ያዛል። በሜሪላንድ ደግሞ ስብሰባው ላይ የሚታዩት ሰነዶች ቢያንስ ከ5 የሥራ ቀን በፊት ሊደርስዎት ይገባል። ቋንቋዎን ከዲስትሪክቱ ተማሪዎች ከ1 በመቶ በላይ የሚናገሩት ከሆነ፣ የጸደቀው አይኢፒ ተተርጉሞ በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጥዎ መጠየቅ ይችላሉ። የአማርኛ ተናጋሪ በበዛበት ካውንቲ ካሉ ዛሬውኑ በኢሜይል ይጠይቁ። በቃል የተጠየቀ ነገር ቀን የለውም።

ታዲያ የሚቀየረው ምንድን ነው? ለዚህ ማን ማንን እንደሚቀጥር ማወቅ ይጠቅማል። በሜሪላንድ ዲስትሪክትና ካውንቲ አንድ ናቸው፤ ከባልቲሞር ከተማ ጋር 24 የትምህርት ሥርዓቶች አሉ። በካውንቲዎቹ ሱፐርኢንተንደንቱን የሚሾመው የትምህርት ቦርዱ ነው፤ ሹመቱ የሚጸናው ግን የክፍለ ግዛቱ ሱፐርኢንተንደንት በጽሑፍ ሲያጸድቀው ነው። ዘመኑ 4 ዓመት ነው፤ ጁላይ 1 ይጀምራል። ኮንትራቱ በሚያልቅበት ዓመት ሱፐርኢንተንደንቱ መቀጠል ይፈልግ እንደሆነ እስከ ፌብሩዋሪ 1 ማሳወቅ፣ ቦርዱም ነባሩን የሚያስቀጥል ከሆነ እስከ ማርች 1 መወሰን አለበት። ስለዚህ «ይቀየራል» የሚለው ወሬ በጸደይ ከተሰማ ቀኑን አይተው ይመዝኑት። ቦታው በመሐል ክፍት ከሆነ ቦርዱ ጊዜያዊ ይሾማል፤ ጊዜያዊው የሚያገለግለው እስከሚቀጥለው ጁላይ 1 ነው። በሞንጎምሪ ካውንቲ በ2024 የሆነው ይኸው ነው፦ ሞኒፋ ማክናይት በፌብሩዋሪ ሲለቁ ሞኒክ ፌልደር በጊዜያዊነት ያዙ፣ ጁላይ 1 ቶማስ ቴይለር ጀመሩ።

አዲሱ ኃላፊ በቶሎ ሊነካው የሚችለው የማዕከላዊ ቢሮውን አደረጃጀት ነው። ትናንት የደወሉላቸው የወላጆች አገናኝ ወይም የክፍል ኃላፊ ነገ ሌላ ወንበር ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ቀጥሎ በጀቱ ይመጣል፤ በሞንጎምሪ የሱፐርኢንተንደንቱ የበጀት ሐሳብ የሚወጣው በዲሴምበር ነው፣ የሕዝብ አስተያየት በጃንዋሪ ይሰማል፣ ቦርዱ እስከ ማርች 1 ለካውንቲው ያስተላልፋል፣ የካውንቲው ምክር ቤት እስከ ጁን 1 ይወስናል። ጁላይ ላይ የገባ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት የሚሠራው ሌላ ሰው ባዘጋጀው በጀት ነው። «ሰውየው መጣ፣ ምንም አልተለወጠም» የሚሉ ወላጆች የሚያዝኑት ይህን ባለማወቅ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ቦርዱ የሚያወጣው ፖሊሲ ይባላል፤ ፖሊሲው እንዴት እንደሚፈጸም ሱፐርኢንተንደንቱ የሚያወጣው ደግሞ ሬጉሌሽን ነው። በሞንጎምሪ ፖሊሲ በሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጠራል፤ ሬጉሌሽን ከሆነ ሰረዝና በ«አር» የሚጀምር ሁለት ፊደል («አር ኤ»፣ «አር ቢ») ይጨመርበታል። የሚያስጨንቅዎ ደንብ መጨረሻው ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ካለው አዲሱ ኃላፊ ሊለውጠው ይችላል፤ ከሌለው ጉዳይዎ ከቦርዱ ጋር ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ጉዳይ ለሱፐርኢንተንደንቱ በስማቸው ደብዳቤ ጽፌ ነበር። መልስ ሳይሰጡኝ ሊለቁ ነው። አዲስ ልጻፍ?

መልስ፦ አዲስ አይጻፉ፤ የፊተኛውን ያስከትሉ። በርክክብ ጊዜ የሚጠፋው በሰው ስም የተላከ ደብዳቤ ነው፤ የሰውየው ኢሜይል ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከነቀኑ አያይዘው «ለሱፐርኢንተንደንት ጽሕፈት ቤት» ብለው ይላኩ፣ ለፕሪንሲፓሉ (ለርእሰ መምህሩ) ግልባጭ ያድርጉ፣ «የደረሰበትን ቀን በጽሑፍ ያረጋግጡልኝ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ።

ውሳኔ በጽሑፍ ከደረሰዎ ግን ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። በሜሪላንድ ሕግ የሱፐርኢንተንደንቱን ውሳኔ ለካውንቲው ቦርድ ይግባኝ የሚባለው ውሳኔው በተሰጠ በ30 ቀን ውስጥ፣ በጽሑፍ ነው። የቦርዱን ውሳኔ ደግሞ ለክፍለ ግዛቱ ቦርድ፣ እንደገና በ30 ቀን። «አዲሱ ሰውዬ ይምጡና ይዩልኝ» ብለው ሲጠብቁ 30 ቀኑ ካለፈ ይግባኙ በዚያው ይቀራል። ቀነ ገደቡን የሰው መቀየር አያራዝመውም።

ጥያቄ፦ ቦርዱ ፊት ቀርቤ ለአዲሱ ኃላፊ ምን እንደምንፈልግ መናገር እሻለሁ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። በአማርኛ ይፈቀዳል?

መልስ፦ ይናገሩ እንጂ! ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። ለአንድ ሰው የሚሰጠው በአብዛኛው 2 ወይም 3 ደቂቃ ነው፤ አስተርጓሚው እየተከተለ የሚያስተረጉም ከሆነ የእርስዎ ድርሻ ግማሹ ነው። ሲመዘገቡ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ አስተርጓሚ ያቀርባሉ ወይ፣ የትርጉሙ ጊዜ ለብቻው ይቆጠራል ወይ፣ ጽሑፉን አስቀድሜ ብልክ አስተርጓሚው ያነበዋል ወይ። የአማርኛ አስተርጓሚ በአንድ ቀን አይገኝም፤ ጥያቄው ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ይድረስ።

በአማርኛ ጮክ ብለው ሲያነቡ በደቂቃ 100 ቃል ገደማ ይሄዳል። ለ2 ደቂቃ ከ180 ቃል አይብለጥ፤ ትርጉሙ ከዚያው ጊዜ ከተቆጠረ ግማሹን ይያዙ። ሰላምታውን በአንድ መስመር ይጨርሱ፣ የትምህርት ቤቱንና የክፍሉን ደረጃ ይናገሩ፣ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ። «በ9ኛ ክፍል ምዝገባ ቀን የአማርኛ አስተርጓሚ ይመደብ» የሚል ጥያቄ መልስ ያገኛል፤ «ማኅበረሰባችን ተረስቷል» የሚል ጭብጨባ አግኝቶ ይቀራል። ልጅዎን ለአስተርጓሚነት ይዘው አይሂዱ። የልጁን ጉዳይ በልጁ አፍ ማስነገር ለልጁም ከባድ ነው፣ ትርጉሙም አይታመንም።

በሞንጎምሪ ያሉ ወላጆች አንድ ሰው አይርሱ፦ ከቦርዱ 8 አባላት አንዱ ተማሪ ነው፤ የሚመርጡት ተማሪዎች ናቸው፣ ዘመኑም አንድ ዓመት ነው። በየጁላይ የሚቀየር አመራር ይኸኛው ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሽልማት አገኘች፣ በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ግን ስሟ የለም። ዘለሏት?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ በሴፕቴምበር የፈረሙት ወረቀት ነው። ፌርፓ የሚባለው የ1974ቱ የተማሪ መረጃ ሕግ ትምህርት ቤቱ ስምን፣ ፎቶንና ሽልማትን ያለ ተጨማሪ ፈቃድ እንዲያወጣ ይፈቅዳል፤ ወላጅ «አይውጣ» ካለ ግን ማውጣት አይችልም። የልጁን ምስጢር ለመጠበቅ ብለው በዚያች ሳጥን ውስጥ ምልክት ያደረጉ ወላጆች ጁን ላይ ይደነግጣሉ። ሬጂስትራሩ (የትምህርት ቤቱ መዝገብ ያዥ) ጋ ሄደው ምልክቱ እንዳለ ይጠይቁ፤ ማንሳት ይቻላል፣ ግን ፕሮግራሙ ከመታተሙ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በፊት።

ስለ ስም ካነሳን አጠራሩም አለ። «ጽዮን» በእንግሊዝኛ በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ስለምትጀምር አንባቢው «ቲሲዮን» ይላታል። ለምረቃ ስሙ የሚነበብበት ካርድ ሲሰጥ ፊደሉን ብቻ አይጻፉ፤ «ካትስ በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መጨረሻ እንዳለው ድምፅ» ብለው ያስረዱ። ልጅቷ ራሷ በስልክ ድምፅ ቀድታ ብትልክ ይበልጣል። ዲፕሎማው ላይ የሚወጣው በትምህርት ቤቱ መዝገብ ያለው ሕጋዊ ስም ነው፤ የአባትና የአያት ስም ተቀያይሮ ከተመዘገበ ማስተካከያው በ12ኛ ክፍል መጀመሪያ ይሁን። ኬፑ ከተወረወረ በኋላ አዲስ ዲፕሎማ ማሳተም ወራት ይፈጃል።

ጥያቄ፦ ልጃችን አማርኛ አቀላጥፎ ይናገራል። ለዚህ የሚሰጥ ሽልማት አለ ይባላል፤ እንዴት ያገኘዋል?

መልስ፦ አለ፤ ብዙ ቤተሰብ ሳያውቀው ያልፋል። ሲል ኦፍ ባይሊተረሲ ይባላል፤ በእንግሊዝኛና በሌላ ቋንቋ ብቃት ያሳየ ተማሪ ሲመረቅ የሚያገኘው ማኅተም ነው። ካሊፎርኒያ በ2011 ጀመረችው፣ ሜሪላንድ በ2016 ተቀበለችው። በሜሪላንድ በሌላው ቋንቋ የሚፈለገው ደረጃ ኢንተርሚዲየት ሃይ (የመካከለኛው ደረጃ ከፍተኛው እርከን) ነው። አማርኛ በልጅዎ ትምህርት ቤት ካልተሰጠ አይሆንም ብለው አይተዉት። ስታምፕ የሚባለው ፈተና አማርኛን ይፈትናል፤ በእሱ መለኪያ ኢንተርሚዲየት ሃይ 6ኛ ደረጃ ነው። ካውንስለሩን (የተማሪዎች አማካሪውን) በ12ኛ ክፍል ሴፕቴምበር ላይ ይጠይቁ፤ በዲስትሪክታችሁ የትኛው ፈተና እንደሚታወቅና መቼ እንደሚሰጥ ያን ጊዜ ይነግሯችኋል። በሜይ የጠየቀ አርፍዷል።

ልጆቻችን የሚወድቁት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው የጽሑፉ ክፍል ነው። ፊደል ቆጥረው እንኳ ኪቦርድ ላይ አልለመዱትም፤ «ትምህርት» ለመጻፍ «ት»ን ከ«ቲ» እየለዩ ሲፈልጉ ሰዓቱ ያልቃል። ከሁለት ወር በፊት ጀምሮ በቀን 15 ደቂቃ ለአያት ወይም ለአክስት በአማርኛ ሜሴጅ እየጻፈ ይለማመድ። ሁለተኛው አጭር መልስ ነው። «ምን ትወዳለህ?» ሲባል «እግር ኳስ» ብሎ ያቆመ ልጅ ዝቅ ያለ ነጥብ ያገኛል፤ ፈታኙ የተያያዘ ንግግር ይፈልጋል። ትናንት የሆነውን፣ አሁን ያለውን፣ ነገ የሚሆነውን እያያያዘ ስድስት ሰባት ዓረፍተ ነገር ይናገር። «ድራይቭ አድርጌ ፒክ አደረግኩት» የሚለው የቤታችን አማርኛ እዚህ ይጎዳል፤ «ነድቼ ሄጄ ይዤው መጣሁ» ማለትን ይልመድ።

ጥያቄ፦ ልጄ በቤተ ክርስቲያን የሰጠው አገልግሎት ለ75 ሰዓቱ ይቆጠራል?

መልስ፦ እንደ ሥራው ነው። በሜሪላንድ ለመመረቅ ከሚጠየቀው የ75 ሰዓት አገልግሎት ውስጥ ቅዳሴና መዝሙር፣ ሃይማኖት ማስተማርም አይገቡም። እዚያው ግቢ ለተቸገሩ ምግብ ማደል ወይም ልጆችን ሒሳብ ማስጠናት ሊቆጠር ይችላል፤ ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት የትምህርት ቤቱን የአገልግሎት አስተባባሪ በጽሑፍ ያስፈቅዱ። ሠርቶ የመጣ ልጅ «አልጸደቀም» ሲባል ያሳዝናል። በሞንጎምሪ በሚድል ስኩል 75ቱን የጨረሰ ተማሪ በሱፐርኢንተንደንቱ ስም ሽልማት ይሰጠዋል።

ጥያቄ፦ መምህራኑንና ሠራተኞቹን በቡና ልናመሰግን አስበናል፤ 60 ያህል ናቸው። ምን እናዘጋጅ?

መልስ፦ የመምህራን ምስጋና ሳምንት የሜይ የመጀመሪያው ሙሉ ሳምንት ነው፤ ፕሪንሲፓሉን በማርች ያስፈቅዱ። ቡናው ቤት ተቆልቶና ተፈጭቶ ይምጣ። የሚቆላ ቡናና ዕጣን የጭስ ጠቋሚውን ያስጮኸዋል፤ ከዚያ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ወደ ውጭ ይወጣል፣ እሳት አደጋም ይመጣል። ከሰል ቀርቶ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይሁን። አንድ ሊትር ውኃ በ70 ግራም ቡና 12 ሲኒ ያህል ይወጣዋል፤ ለ60 ሰው አንድ ዙር 5 ሊትርና 350 ግራም ይበቃል። ቀድመው አፍልተው፣ አስክነው በቴርሞስ ይዘው ይሂዱ፤ ጀበናው ፊት ለፊት ለአንድ ዙር ይቅረብ። ቆሎው ኦቾሎኒ አይግባበት፤ ዳቦው ከምን እንደተሠራ በእንግሊዝኛ ተጽፎ አጠገቡ ይቀመጥ። ሰዓቱንም ሠራተኛው ሁሉ የሚደርስበት ያድርጉት፤ የአውቶቡስ ሹፌሮቹ ጠዋት ልጆቹን አውርደው የሚቆሙት ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ የካፊቴሪያ ሠራተኞች ደግሞ በምሳ ሰዓት አይንቀሳቀሱም። ለእነሱ ቴርሞሱ ወዳሉበት ይሂድ።

ቡናው ካለቀ በኋላም አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፉ። «ጥሩ መምህርት ናቸው» አይበቃም፤ «ልጄ በኦክቶበር አንድ ገጽ አያነብም ነበር፣ በማርች መጽሐፍ ጨረሰ፤ መምህርቷ በየማክሰኞው በምሳ ሰዓት 20 ደቂቃ አብራው ታነብ ነበር» ብለው ይጻፉ። በአማርኛም ቢሆን ከትርጉም ጋር ይሄዳል። ግልባጩ ለፕሪንሲፓሉ ይድረስ፤ በመምህርቷ የሥራ ፋይል ውስጥ እንዲቀመጥም ይጠይቁ። የዓመቱ መምህር ዕጩ ሲጠቆም የሚፈለገው ይህ ዓይነቱ ወረቀት ነው፤ ፕሪንሲፓሉም ሱፐርኢንተንደንቱም ቢቀየሩ ፋይሉ ውስጥ ይገኛል።