የጓሮ ዶሮና የጎረቤት ነገር፦ ጥያቄና መልስ

በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ብዙ ዓመት በእንስሳት ጤና ሥራ ቆይቻለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፤ ጓሮዬ ውስጥም ዶሮ አለ። ከተማ ውስጥ ዶሮ ስለማርባት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ስለ መኖ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ አብዛኛው ጥያቄ ስለ ቀበሌና ስለ ጎረቤት ሆነ። ይሁን። “ዶክተር” እያላችሁ ለጻፋችሁልኝ ግን፣ ዶክተር አይደለሁም፤ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ጋሼ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጠባሴ ነው የምኖረው። ግቢዬ ውስጥ አሥር ዶሮ ለማስገባት ከቀበሌ ፈቃድ ያስፈልገኛል? አንዱ “አዎ” ይለኛል፣ ሌላው ይስቅብኛል።

የሚስቀው ይሻላል፣ ግን እሱም ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። ለቤትህ እንቁላል የምታረባው አሥር ዶሮ ንግድ አይደለም፣ የንግድ ፈቃድም አያስጠይቅህም። የምትጠየቀው ከአጥርህ አልፎ በሚሄደው ነገር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ላይ ባለቤት በይዞታው ሲጠቀም ጎረቤቱን ማወክ የለበትም ይላል። ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸት በስም ተጠርተዋል፤ መለኪያው ደግሞ መልካም ጉርብትና የሚችለው ልክ ነው። ዶሮ በስም አልተጠራችም። ሽታዋና ጩኸቷ ግን እዚያ ውስጥ አሉ።

ቤቷን በእንጨትና በወንፊት ሽቦ ከሠራህ ብዙም ጣጣ የለውም። በብሎኬት ገንብቼ ቆርቆሮ አለብሳለሁ ካልክ ግን ነገሩ ግንባታ ሆነ፤ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ጠይቅ። ካርታህ ላይ የሌለ ቤት አንድ ቀን ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም።

በነገራችን ላይ፣ የሌማት ትሩፋት በኅዳር 2015 ከተጀመረ ወዲህ የግብርና ባለሙያዎች ራሳቸው “አርቡ” እያሉ ነው የሚዞሩት። ጥሩ ነው። ግን “የሌማት ትሩፋት ነው” ማለት ለሽታ ፈቃድ አይሆንም፤ እንዲህ ብሎ የተከራከረ ሰው አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ እስከ ስንት ዶሮ ነው የሚፈቀደው? ቁጥሩን ብቻ ንገሩኝ።

ያልኩት ሕግ የዶሮ ብዛት አያስቀምጥም። ቁጥሩን የሚወስነው ቦታህ ነው። እንቁላል ጣይ ዶሮ ወለል ላይ ከሆነች በአንድ ካሬ ሜትር ከ4 እስከ 5 ነው፤ ከዚያ ካለፈ መነካከስ ይመጣል። ሁለት በሦስት የሆነች ቤት 25 ዶሮ ብትይዝ ጥግ ደርሳለች።

ኩሱንም አስብ። አንድ ጣይ ዶሮ በቀን ከ100 ግራም በላይ ትጥላለች። አሥር ከሆኑ ከጎመን መደብህ አያልፍም። ሃምሳ ከሆኑ በየቀኑ ከአምስት ኪሎ በላይ ነው። እሱን የት ልታደርገው ነው? መልስ ከሌለህ ቁጥሩን ቀንስ።

ጥያቄ፦ የጎረቤቴ አውራ ዶሮ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ይጮኻል። ሕፃን አለኝ። ምን መብት አለኝ?

መብትማ አለሽ፤ ቁጥር 1225 ያለው ጩኸት ይኸው ነው። ግን ከሕጉ በፊት አንድ ነገር ንገሪው፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው። ሴቷ እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም። አውራው የሚፈለገው ጫጩት ለማስፈልፈል ብቻ ነው። ጎረቤትሽ እንቁላሉን ፈልጎ ከሆነ አውራውን የሚቀልበው በከንቱ ነው።

“አልለቀውም” ካለ ማደሪያውን ከመኝታ ቤትሽ መስኮት ያርቀው፤ ሌሊት ደግሞ ጨለማና ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ያሳድረው። አንገቱን ቀና ማድረግ ካልቻለ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ብርሃን ሳያይም ቶሎ አይጀምርም። አየር ግን ይግባለት። እሱም ካልሆነ የሰፈር ሽማግሌ፣ ከዚያ ቀበሌ፣ መጨረሻ ላይ ፍርድ ቤት። እስከ ፋሲካ ከታገሥሽ ደግሞ ጉዳዩ ድስት ውስጥ ይፈታል።

ጥያቄ፦ የኔ ልጅ፣ ደብረ ሲና ነው ያለሁት። የሰው ዶሮ ጎመኔንና ሰላጣዬን ጫረችብኝ። ባለቤቷ “እንስሳ ናት፣ ምን ላድርጋት” ይለኛል።

እማማ፣ አባባሉ አያዋጣውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። አመለጠችኝ፣ አላየኋትም ማለት አያድነውም። የተጫረውን መደብ ሳያስተካክሉት ሰው ጠርተው ያሳዩ፤ የልጅ ልጅ ስልክ ካለ ፎቶ ያንሱት። ከዚያ ግምቱን በሽማግሌ ይጨርሱት።

አንድ ነገር ልለምንዎት። መርዝ የተለወሰ እህል እንዳይበትኑ። ዶሮዋ ትሞታለች፣ የሞተችውን ውሻ ይበላታል፣ እህሉን ሕፃን ያነሳዋል። ያን ጊዜ ተበዳይ መሆንዎ ቀርቶ ተከሳሽ ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ነን። በረንዳ ላይ አራት ዶሮ?

አይሆንም። የጋራ ሕንፃ በአዋጅ 370/1995 ነው የሚተዳደረው፤ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ የራሱ መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ደንቡም ነዋሪውን ሁሉ ያስገድዳል። ደንባችሁን አንብቡት። ዝም ቢል እንኳ ኩሱ ታች ያለው ሰው ልብስ ማስጫ ላይ ነው የሚወርደው። እዚያ በረንዳ ላይ ጎመን ትከሉ።

ጥያቄ፦ ተከራይ ነኝ። አከራዬ በቃል ፈቅዳልኛለች።

በጽሑፍ አድርጊው። ውሉ ላይ “ተከራይ እስከ ይህን ያህል ዶሮ ማርባት ትችላለች፣ ስትለቅ አጽድታ ታስረክባለች” የሚል አንድ መስመር ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሽታውን እንዴት ላጥፋው? በየቀኑ እጠርጋለሁ፣ ውኃም እደፋበታለሁ፣ ግን ባሰበት።

የባሰበት ውኃ ስለምትደፋበት ነው። ደረቅ ኩስ ብዙም አይሸትም። ሲረጥብ ነው አሞኒያ የሚያወጣው፤ ያ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ እሱ ነው።

ወለሉ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ሰጋቱራ ወይም የጤፍ ጭድ አንጥፍ። በየሁለት ሦስት ቀኑ በመንሽ አገላብጠው። እርጥበቱን ለማወቅ ከመጠጫው ሥር በእጅህ ዘገን አድርገህ ጨብጠው። ስትከፍት እንደ ጭብጦ ተጣብቆ ከቀረ በጣም ረጥቧል፤ አውጣው፣ በደረቅ ተካው። ትንሽ ተያይዞ ወዲያው ከተበተነ ጥሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚረጥበው መጠጫው ሥር ነው፤ መጠጫውን በዶሮዋ ጀርባ ቁመት ልክ ጡብ ላይ አስቀምጠው፣ መፍሰሱ ይቀንሳል።

የእኛ አገር ሌላው ችግር ብርዱ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ጥቅምትና ኅዳር ውርጭ ሲመጣ ሰው የዶሮ ቤቱን በጆንያና በላስቲክ ጥርቅም ያደርገዋል። በጠዋት ሲከፍተው ከሽታው የተነሳ ወደ ኋላ ነው የሚሸሸው። ዶሮዋ ላባ አላት፤ የሚጎዳት ብርዱ ሳይሆን በታች የሚገባው ነፋስና በላይ የታፈነው እርጥበት ነው። ከቆጡ በታች ያለውን ግድግዳ ድፈነው፤ ከቆጡ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር አንድ ክንድ ያህል በሽቦ ተወው። በሩን ወደ ምሥራቅ አዙረው፣ የጠዋት ፀሐይ ይግባ። የሸዋ ሮቢት ሰው ይህን እንዳይከተል፤ እናንተ ከሙቀቱ ነው የምትሸሹት፣ ረጅሙ ግድግዳ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይሁን፣ ጥላ ዛፍ ካለም ከሥሩ።

ለጫጩት ብላችሁ ከሰል አፍማችሁ በር የምትዘጉ ደግሞ ተዉ። ጭሱ የማይታይ ስለሆነ ጫጩቱንም፣ ጫጩቱ አጠገብ የተኛውንም ሰው ይወስዳል።

ጥያቄ፦ ኩሱን በሬሳ ወንዝ ዳር ብንደፋውስ?

ወንዙን የሚጠቀም ሰውና ከብት ከታች አለ። አይደፋም። ከጭድና ከአመድ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ከምራችሁ ሦስት አራት ወር ብታቆዩት ለድንችና ለጎመን ከሱ የሚበልጥ የለም። ትኩሱን ግን ችግኝ ሥር አታድርጉት፤ ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ በሰፈራችን ዶሮ እያለቀ ነው። አንገቷ ይጠማዘዛል፣ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፣ በሁለት ቀን ትሞታለች። ጎረቤቴ ሳትሞት አርዶ ለገበያ አወጣ።

የጻፍከው ምልክት የፈንግል ነው። መድኃኒት የለውም። አንቲባዮቲክ ገዝተህ ገንዘብህን አትጨርስ፤ የሚረዳው ክትባት ብቻ ነው፣ ለታመመችው ደግሞ ጊዜው አልፏል።

የጎረቤትህን ነገር በዝምታ አልፈው ብል ልክ አይሆንም። የእንስሳት በሽታን ለመከላከልና ለመቆጣጠር አዋጅ 267/1994 ወጥቷል፤ እንዲህ ያለ በሽታ የጠረጠረ ሰው ማሳወቅ አለበት። የታመመ ዶሮ ገበያ ማውጣት በሽታውን ለመላው ወረዳ ማከፋፈል ነው። አንድ ሰው የታመመች ዶሮ በአነስተኛ ዋጋ አግኝቶ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ ከሳምንት በኋላ የራሱን በሙሉ ይቀብራል። እኔ በሥራ ላይ ሳለሁ ወረርሽኙ ከየት እንደመጣ ስንከታተል ብዙ ጊዜ መንገዱ ቅዳሜ ገበያ ላይ ነበር የሚያደርሰን።

ዛሬውኑ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገር። የሞተውን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረህ ኖራ ነስንሰህ ቅበር፤ ለውሻ አትጣል። ጤነኞቹን ከቤት አታውጣ። ከጎረቤት ዶሮ ቤት ወደ ራስህ ስትመጣ ጫማህን ቀይር።

ለወደፊቱ ክትባቱ ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ የሚያመርተው ነው፤ እዚሁ በእንስሳት ክሊኒክ በኩል ታገኘዋለህ። አንዷ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሆነች ለአንተ አምስት ዶሮ ብቻዋን አትከፈትም። ስለዚህ ሰፈሩ አንድ ላይ ይቁጠርና አንድ ቀን ይቀጠር። እድር ካላችሁ በእድሩ በኩል ቀላል ነው። በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ከሆነ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ክትባቱን ይገድለዋል፤ የጉድጓድ ወይም የምንጭ ውኃ ተጠቀሙ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ያህል አስጠሟቸው፣ ከበጠበጣችሁት በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጠጣ። በየሦስት ወሩ ገደማ ይደገማል።

ጥያቄ፦ እንቁላል ለሱቆች ብሸጥስ?

የተረፈሽን ለጎረቤት መሸጥ አንድ ነገር ነው። ለሱቅና ለሆቴል በቋሚነት ማቅረብ ከጀመርሽ ንግድ ገባሽ፤ የግብር ከፋይ ቁጥርና ፈቃድ አውጪ፣ ጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተሽ ብትጀምሪ የመሥሪያ ቦታም መጠየቅ ትችያለሽ። ስሌትሽ ውስጥ ጾሙን አስገቢ። በሁዳዴ ዶሮዋ መጣል አታቆምም፣ በልቶ የሚጨርሰው ግን ይጠፋል። ቄቧን መጣል የምትጀምርበት ጊዜ ከጾም ማግስት ጋር እንዲገጥም አድርገሽ ግዢ፤ የ45 ቀን ጫጩት ከሆነች ከመጣል በፊት ገና ሦስት ወር ያህል ትቀልቢያታለሽ።

ጥያቄ፦ ደንብ አስከባሪ መጥቶ “በሦስት ቀን አፍርሱ” ብሎን ሄደ። ወረቀት አልሰጠንም።

አትጣሉት። ጽሕፈት ቤቱ ሄዳችሁ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ይሰጠን በሉ፤ የትኛው ደንብ፣ የትኛው ቁጥር እንደተጣሰ ይጻፍበት። ብዙ ጊዜ መነሻው የአንድ ጎረቤት አቤቱታ ነው። አቤቱታው ስለ ሽታ ከሆነ የነገርኳችሁን የሰጋቱራ ነገር አድርጉና ራሳቸው መጥተው ይዩት በሉ። የዶሮ ቤቱ አጥር ተደግፎ ከሆነ ደግሞ ሳትጠየቁ ፈቀቅ አድርጉት። በሦስቱ ቀን ውስጥ ማመልከቻችሁ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠው፤ ቅጂውን ያዙ።