ከሶኬት ተነቅሎም 310 ቮልት የሚያሳይ የቲቪ ፓወር ቦርድ

ወንድሜ፣ «ቲቪው አልነሳ አለ፤ ከነቀልኩት ግማሽ ሰዓት ቢሆነውም ትልቁ ካፓሲተር ላይ 310 ቮልት አለ፤ በካቻቢቴ ላገናኘው ወይ?» ብለሃል። እባክህ አታገናኘው። ካፓሲተር ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዝ ዕቃ ነው።

የግድግዳው 220 ቮልት በብሪጅ ዳዮድ (ኤሲን ወደ ዲሲ በሚቀይረው ዕቃ) ካለፈ በኋላ ካፓሲተሩን የሚሞላው እስከ ሞገዱ ጫፍ ነው፤ 220 በ1.41 ሲባዛ 310 አካባቢ ይመጣል። 100 ማይክሮፋራድ ከሆነ ወደ 5 ጁል ይዟል። በካቻቢቴ ሲገናኝ ይህ ሁሉ በቅጽበት ይለቀቃል፤ ብረቱን ያቀልጣል፣ ፍንጣሪው ዓይን ላይ ይደርሳል፣ የቦርዱን መስመር ይልጣል።

1. መለኪያህን ዲሲ 600 ወይም 1000 ቮልት ላይ አድርግ። በኦህም ከነካኸው መለኪያው ሊቃጠል ይችላል። ጥቁሩ ገመድ የራሱ የካፓሲተሩ ኔጌቲቭ እግር ላይ ይሁን፤ የቲቪው ብረት ላይ ካደረግከው ንባቡ ያሳስትሃል።

2. 2.2 ኪሎ ኦህም፣ ከ5 እስከ 10 ዋት የሆነ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ዕቃ) በተሸፈነ ሽቦ አስረህ ሁለቱን እግሮች 5 ሰከንድ አገናኝ። ሩብ ዋቷ ሬዚስተር ይህን አትችልም። ከዚያ እንደገና ለካ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ጥቂት ቮልት ተመልሶ ይመጣል፤ ስለዚህ ካውያ ከማንሳትህ በፊት ድገመው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፦ ካፓሲተሩን ሳያራግፍ አዲስ አይሲ (የፓወር ቦርዱን ሥራ የሚቆጣጠር ቺፕ) ሲበይድ፣ አይሲው ገና ሶኬት ሳይነካ ይሞታል።

3. ቮልቴጁ መቆየቱ ራሱ ብልሽቱን ይነግርሃል። «ካፓሲተሩ ስለተበላሸ ነው የማይለቀው» ብሎ ሊቀይርልህ የሚነሳ ባለሙያ አይጠፋም፤ ይህ ፍጹም ስህተት ነው፣ ሰው ለማያስፈልገው ዕቃ ሲከፍል ማየት ያናድዳል! ካፓሲተሩ ክፍያውን መያዙ ሥራውን መሥራቱ ነው። የስታንድባይ ክፍሉ (ቲቪው ጠፍቶ ሳለም ትንሽ ኃይል የሚሰጠው) ቢሠራ ኖሮ ያንን በጥቂት ሰከንድ ይጨርሰው ነበር። ስለዚህ ፊውዙና ብሪጁ ደህና ናቸው፤ ክፍያውን የሚጠጣው ይህ የስታንድባይ ክፍል ነው ያልተነሳው። መጀመሪያ ማስነሻ ሬዚስተሩን (ለአይሲው የመነሻ ኃይል የሚያደርሰውን) ለካ፤ ከመቶዎች ኪሎ ኦህም እስከ ሜጋ ኦህም የሚደርስ ነው፣ ብዙ ጊዜ ይቋረጣል። ቀጥሎ አይሲውን የምትመግበውን ትንሿን ካፓሲተር፣ 10 ወይም 22 ወይም 47 ማይክሮፋራድ 50 ቮልት፣ ቀይራት። ደርቃ ሳለ እንኳ ከውጭ ሳታብጥ ደህና ትመስላለች። አይሲው የሚጠረጠረው ከእነዚህ በኋላ ነው።

ትልቁ ካፓሲተር በእርግጥ አብጦ ከሆነ ግን 450 ቮልት፣ 105 ዲግሪ የሚል ግዛ። መስመሩ 260 ቮልት የሚደርስበት ሰፈር ካለህ ጫፉ 368 ስለሚሆን 400 ቮልት የሚል ካፓሲተር የሚተርፈው አቅም ትንሽ ነው። ነጭ መስመር ያለበት ጎን ኔጌቲቭ ነው፤ ተገልብጦ ከገባ ይፈነዳል።