በፍልሰታ የአንጀት ምርመራ ቢያጋጥምስ? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ሰነበቱ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው፣ 52 ዓመቴ ነው። ወንድሜ በአንጀት ካንሰር ስለሞተ ሀኪሙ የእርስዎም አንጀት በካሜራ ይታይ፣ ኮሎኖስኮፒ የሚሉት ነው፣ ብሎ ለነሐሴ 8 ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠረኝ። የሰጡኝ ወረቀት ከ3 ቀን በፊት ጀምሮ ጤፍ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ይቅር፣ እንቁላል፣ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ ይበላ ይላል። ዋዜማውን ፈሳሽ ብቻ ነው፣ ማታና ሌሊት 10 ሰዓት ደሞ የሚጠጣ መድኃኒት አለ። ጾሙን ልፍታው? ነሐሴ 7 ጽንሰታ ስለሆነም ልቆርብ ተዘጋጅቼ ነበር። ደሞ እስከ 9 ሰዓት ስለምጾም ሆዴ ባዶ ነው፣ ጸበልም እየጠጣሁ እየወጣልኝ ነው፣ መድኃኒቱ ቢቀርብኝስ?

መልስ፦ እናቴ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ የወንድምዎን ነፍስ ይማር። ስለ ጾም ሥርዓት ለእርስዎ አልናገርም፣ ከኔ በላይ ሲጾሙ የኖሩ ነዎት። እኔን የያዘኝ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት ነገር ናት፣ "ሆዴ ባዶ ነው" ያሏት። ይቺን ነገር ከስንት ምእመን እንደሰማኋት አልቆጥረውም፣ እኔ ራሴም ብያታለሁ።

ከ3 ዓመት በፊት ለኔም ይሄው ምርመራ ታዘዘልኝ፣ ቀኑ ረቡዕ ነበር። ማታ የመጀመሪያውን 2 ሊትር እንደምንም ጨረስኩት፣ ጣዕሙ ጨው የገባበት የሊጥ ውሃ በሉት። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ባለቤቴ ሁለተኛውን ሀይላንድ ይዛ ስትቀሰቅሰኝ ግን "ረቡዕ ገብቷል እኮ፣ ደሞ ሆዴ ውስጥ ምን ቀረና" ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ጠዋት ሄድኩ፣ በመርፌ አስተኙኝ፣ ስነቃ ሀኪሙ፣ ማኅሌት የሚቆም ልጅ ነው፣ "መምህር ምንም አልታየኝም፣ የሌሊቱን አልጠጡትም አይደል?" አለኝ። ጾሜን ብዬ ነው አልኩት። "በሉ እንግዲህ እንደገና 4 ሊትር ነው" ብሎ ሳቀብኝ። ገንዘቡም ሁለቴ፣ ሽንት ቤት መመላለሱም ሁለቴ።

በኋላ ሲያስረዳኝ ነው የገባኝ፣ ጨጓራ ባዶ ሆነ ማለት አንጀት ጸዳ ማለት አይደለም። ትልቁ አንጀት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ የትናንትና የትናንት ወዲያው እዛ ነው ያለው። ማታ ታጥቦ ቢያድር እንኳን ሌሊቱን ከትንሹ አንጀት የሚወርደው ሐሞትና ዝልግልግ ነገር መልሶ ይሸፍነዋል፣ የ10 ሰዓቱ መድኃኒት ለዛ ነው የተጻፈው። እርስዎ የጣና ልጅ ነዎት፣ በነሐሴ ጉማራና ርብ አፈሩን ጠርገው ሲያመጡት ውሃው ማኪያቶ ይመስል የለ? በጥር ዳር ዳሩን የምናየው ድንጋይ በነሐሴ አይታይም፣ ድንጋዩ ግን እዛው ነው፣ ታንኳ የሚቀዝፍ ያውቀዋል። ሀኪሙ የሚፈልገውም እንደዛ ያለ ትንሽ እብጠት ነው፣ ፖሊፕ ይሉታል። አንዳንዱ ቆይቶ ወደ ካንሰር ይለወጣል፣ ብዙ ጊዜ ግን 10 ዓመትና ከዛ በላይ ይፈጅበታል፣ ቀድሞ ከታየ እዛው በካሜራው ቆርጠው ያወጡታል። ወንድምዎን ያሳጣችሁ በሽታ ገና ሳይጀምር ሊቆም የሚችልበት ምርመራ ነው፣ በአንድ ሀይላንድ ምክንያት አያበላሹት።

እኛ ጾምን የሆድ ባዶነት አድርገን ስለምናስብ ነው ሁለቱ የሚምታቱብን። ጾሙ አንጀት አያጥብም፣ አንጀት ማጠቡም ጾም አያረክስም። ጌታችን ወደ አፍ የሚገባ ሁሉ ወደ ሆድ አልፎ ወደ እዳሪ ይጣላል፣ ሰውን የሚያረክሰው ከልብ የሚወጣው ነው ብሏል (ማቴ 15)። ይቺን ጥቅስ ጾም አያስፈልግም ለማለት የሚመዟት አሉ፣ ከነሱ ጋር ዛሬ አልከራከርም። እኔ የምለው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ለመድኃኒት የተጠጣ ውሃ ከጾም ሰዓት ጋር አይቆጠርም ነው። ብቻ በራስዎ አያድርጉት፣ ዛሬውኑ ለንስሐ አባትዎ ደውለው ይንገሯቸውና እሳቸው ይፍቱዎ፣ ለታመመ ሰው ሥርዓት አለው።

ምግቡን በተመለከተ ደሞ አንድ ነገር ልንገርዎ፣ እንቁላሉ ግዴታ አይደለም! ወረቀቱ የሚበላውን ዘረዘረ እንጂ እንቁላል ካልበሉ አይሆንም አላለም። ነጭ ሩዝ፣ ልጣጩ የተላጠ ቅቅል ድንች፣ ፓስታ፣ ነጭ ዳቦ፣ ይሄ ሁሉ የጾም ነው። የሚከለከለው ቃጫና ፍሬ ያለው ነው፣ ተልባና ሱፍ እንዳይነኩ፣ ፍሬያቸው አንጀት ላይ ተለጥፎ ካሜራውን ያስቸግራል። በዋዜማው ሻይ፣ ማር በውሃ፣ የተጠለለ የድንች ሾርባ ይጠጡ፣ 9 ሰዓትን አይጠብቁ፣ ከጠዋት ጀምሮ ነው፣ አለዚያ ራስዎን ስተው ይወድቃሉ። ካርካዴ ግን አይሆንም፣ ቀይ ነገር ሁሉ አንጀት ውስጥ ደም ይመስላል። ስኳር ወይ ደም ማቅጠኛ ወይ የደም ማነስ እንክብል የሚወስዱ ከሆነ ለሀኪሙ አሁኑኑ ይንገሩት፣ እኔ አላውቅልዎትም።

ጸበሉስ? እዚህ ላይ ጠንከር ልበል። ጸበል መድኃኒት ነው፣ አምናለሁ፣ ድኛለሁም። ግን የልብሱ ጨርቅ እንኳን ድውይ ይፈውስ የነበረው ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆድህ ጥቂት ወይን ጠጣ ነው ያለው (1ኛ ጢሞ 5፥23)፣ ጨርቅ እልክልሃለሁ አላለውም። ሲራክም ባለ መድኃኒትን አክብረው፣ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል (ምዕ. 38)። የሚጠጡት መድኃኒት ዱቄት ውስጥ ያለው ጨው ሰውነትዎ እንዳይዛባ ተለክቶ የገባ ነው፣ በሱ ፋንታ ጀሪካን ሙሉ ጸበል ቢጠጡ ጨውዎ ወርዶ ሊጎዱ ይችላሉ። የምርመራው ጠዋት ከ1 ሰዓት በኋላ ደሞ ምንም ወደ አፍ አይገባም፣ ጸበልም እምነትም ቢሆን። ተኝተው ሳለ ከጨጓራ የተመለሰ ውሃ ወደ ሳምባ ይገባል፣ ሳምባ ጸበል ነው ብሎ አይምርም። ይረጩት፣ ይቀቡት፣ አይጠጡት።

ቁርባኑን ከጽንሰታ በፊት ያድርጉት፣ ነሐሴ 7 ማታ መድኃኒት ሊጠጡና ሌሊቱን ሊመላለሱ ቆርበው አይደሩ። ከምርመራው በኋላ የተቆረጠ ነገር ከሌለና ደም ካላዩ ደሞ ነሐሴ 16 አለልዎ።

ያልጻፉት ግን ያለ ይመስለኛል፣ እፍረቱ። ወንድ ሀኪም፣ ከኋላ። ብዙ እናቶች በጾም የሚያመካኙት እሱን ነው። ሴት ነርስ አጠገቤ ትሁን ብለው ይጠይቁ፣ የሚያስነውር አይደለም፣ ከወገብ በታች በአንሶላ ይሸፍኑዎታል፣ እርስዎም ተኝተው ነው የሚያልፈው።

ግቢያችሁ ሽንት ቤቱ የጋራ ከሆነ ለጎረቤቶችዎ ቀድመው ይንገሯቸው፣ ሌሊቱን ሙሉ የእርስዎ ነው። ሶፍትና ቫዝሊን ይግዙ፣ ያቃጥላል። የሚወጣው እንደ ሽንት ጠርቶ ቢጫ እስኪሆን ድረስ አላለቀም። የሚመልስዎት ሰው ይዘው ይሂዱ፣ ብቻዎን ባጃጅ እንዳይሳፈሩ፣ ጋቢም ይያዙ፣ ክፍሉ ይበርዳል።