የአንባቢያን ጥያቄ፦ ታቦተ ጽዮን በታኒስ ወይስ በጣና?

ጥያቄ፦ የምኖረው በባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። በቅርቡ ከ15 ዓመት ልጄ ጋር «ሬይደርስ ኦፍ ዘ ሎስት አርክ» የተባለውን የቆየ የአሜሪካ ፊልም ተመለከትን። ጀግናው የአርኪዮሎጂ መምህር ታቦተ ጽዮንን የሚያገኛት ግብፅ ውስጥ፣ ታኒስ በምትባል ከተማ ነው። እኔ ግን ያደግሁት፣ ታቦቷ በጣና ቂርቆስ ደሴት ለዘመናት እንደ ተቀመጠች አያቴ ሲነግሩኝ ነው። ፊልሙ ታኒስን ከየት አመጣት? ልጄም ከዚያ ወዲህ «የአርኪዮሎጂ ባለሙያ እሆናለሁ» እያለ ነውና፣ ሙያው በእርግጥ እንደዚያ ነውን?

መልስ፦ ክብርት ጠያቂያችን፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ይህ ፊልም ታኒስን የመረጠው ያለ መነሻ አይደለም። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 14፣ የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም በነገሠ በ5ኛው ዓመት የግብፅ ንጉሥ ሺሻቅ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ የቤተ መቅደሱንና የቤተ መንግሥቱን ሀብት፣ ሰሎሞን ያሠራቸውን የወርቅ ጋሻዎች ጭምር፣ እንደ ወሰደ ተጽፏል። የፊልሙ ደራሲዎች ታቦቷም ከዚያ ምርኮ ጋር ወደ ታኒስ ሄዳለች ብለው ታሪካቸውን ሠሩ፤ ምዕራፉ ግን ታቦቷን በስም አያነሣትም። ክብረ ነገሥት በበኩሉ ቀዳማዊ ምኒልክና የሊቀ ካህናቱ የሳዶቅ ልጅ አዛርያስ ታቦቷን ይዘው የወጡት ሰሎሞን ገና በሕይወት ሳለ እንደሆነ ይተርካል። እንግዲህ በእኛ ትውፊት መሠረት ሺሻቅ ኢየሩሳሌም ሲደርስ ታቦቷ ከሄደች ቆይታለች፤ ፊልሙና የአያትዎ ቃል የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

የጣና ቂርቆሱን ቆይታ ጠብቀው ያኖሩት የገዳሙ አባቶች ናቸው። ታቦቷ ወደ አክሱም ከመሄዷ አስቀድሞ በደሴቲቱ ለብዙ መቶ ዓመታት እንደ ነበረች ይናገራሉ፤ የኦሪት መሥዋዕት ደም ይፈስስባቸው ነበር የሚሏቸውን፣ አናታቸው የተቦረቦረ የድንጋይ ዓምዶችም ለተሳላሚው ያሳያሉ። ይህ በቁፋሮ የተረጋገጠ ነው ብዬ ብጽፍልዎ እውነቱን አላልሁም፤ ሆኖም «የጠፋችው ታቦት» የሚለው የፊልሙ ርእስ ለጣና ዳር ሰው እንግዳ አነጋገር መሆኑን ልብ ይሏል። ለእርሱ ታቦቷ የምትጠበቅ እንጂ የምትፈለግ አይደለችም።

እውነተኛዋ ታኒስም በፊልሙ እንደሚታየው የአሸዋ ማዕበል የቀበራት የበረሃ ከተማ አይደለችም፤ ፍርስራሿ ያለው በዓባይ ዴልታ ሰሜን ምሥራቅ ሲሆን፣ የበረሃው ትዕይንት የተቀረጸው በቱኒዚያ ነው። የፊልሙ ታሪክ በሚፈጸምበት እ.ኤ.አ. በ1936 በዚያ ይቆፍሩ የነበሩት፣ ፊልሙ እንደሚያሳየው ጀርመኖች ሳይሆኑ፣ በፒየር ሞንቴ የሚመሩ ፈረንሳውያን ነበሩ፤ እነርሱም እ.ኤ.አ. በ1939 የነገሥታት መቃብር፣ በውስጡም የዳግማዊ ሸሸንቅን የብር ሬሳ ሣጥን አገኙ። በነገራችን ላይ፣ 1936 ለእኛ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባበት 1928 ዓ.ም. ነው። ፊልሙ ናዚዎችን የቅርስ ዘራፊ አድርጎ ሲያሳይ፣ በእውነተኛው ዓለም በቀጣዩ ዓመት የአክሱምን ሐውልት ወደ ሮም ያጋዙት ፋሺስቶች ነበሩ፤ ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው።

ፊልሙን የማመሰግንበትም ነገር አለ። ታቦቷን ከጉድጓድ ሲያወጧት በእጃቸው አይነኳትም፤ በኦሪት ዘጸአት 25 እንደ ታዘዘው በመሎጊያዎቿ ያነሧታል።

ልጅዎን በተመለከተ ግን፣ ከፊልሙ መጀመሪያ ልነሣ። ጀግናው በደቡብ አሜሪካ ከጥንታዊ ቤተ ጣዖት የወርቅ ምስል ነጥቆ ሲሮጥ ቤቱ ከኋላው ይፈርሳል። ለባለሙያ ይህ ከባድ ጥፋት ነው፤ አንድ ዕቃ ከተቀመጠበት የአፈር ንብርብር፣ ከአጠገቡ ካለው ገልና ከሰል ከተለየ በኋላ፣ ማን እንደ ሠራውና በየትኛው ዘመን እንደ ነበረ ለማወቅ እጅግ ያስቸግራልና። ስለዚህ እውነተኛው ባለሙያ አብዛኛውን ቀን የሚውለው ተንበርክኮ አፈሩን በትንሽ ማንኪያና በብሩሽ እያነሣ፣ እየለካ፣ እየሣለና እየጻፈ ነው። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ የቅርስ ቁፋሮ ማካሄድን ይከለክላል።

የፊልሙን ጀግና የሚመስል ሰው ወደ እኛም መጥቶ ያውቃል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ሪቻርድ ሆልምስ የተባለ የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ቅርስ ለመሰብሰብ አብሮ ተጓዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በአብዛኛው ከጎንደር አድባራት ካሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ ወደ ሙዚየሙ ገቡ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ሙዚየሙ እስከ ዛሬ 11 ታቦታት ይዟል። ይህን ታሪክ ለልጅዎ ከፊልሙ ጋር አብረው ይንገሩት።

ፍላጎቱ ከጸና፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ይሰጣል። እስከዚያው በሞተር ጀልባ ወደ ጣና ቂርቆስ ይውሰዱት፤ አባቶችን ፈቃድ ጠይቆ፣ ሜትርና ደብተር ይዞ፣ ዓምዶቹን ሳይነካ ይለካ፣ ይሣል፤ አባቶች ስለ እያንዳንዱ የሚሉትንም ከሥዕሉ ሥር ይጻፍ።